የሙቲሶ ኮምፓይለር

በቢሯችን ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አሥራ አንድ መንደር፣ አሥራ አንድ የውሃ ፓምፕ፣ ስድስት ኮምፓይለር። ባሌ ሙቲሶ ነው በእጁ ያሰመረው። መስመሩ ጠማማ ነው፤ ማስመሪያ ፍለጋ ከወንበሩ መነሳት የሚጠላ ሰው ነበር።

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚያዞር ሌላ ፕሮግራም ነው። በየጊዜው አዲስ ይወጣል። አዲሱ ከአሮጌው ይፈጥናል፣ ይቆጥባል፣ ራሱንም ብልህ አድርጎ ያያል። ችግሩ ግን እኛ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን የምንሠራው በተለያየ ዓመት ስለሆነ፣ አንዱ መንደር በዘንድሮው ኮምፓይለር ሲስማማ ሌላው ከስድስት ዓመት በፊት ከነበረው በቀር እሺ አይልም። የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ የሚይዘው ሙቲሶ ነበር። አዲስ ሠራተኞች ሁሉንም በአንዱ እናድርግ ብለው ሲመጡ፣ «ቤታችሁ ስንት ድስት ነው ያለው? ዓሣውንም ሻዩንም በአንዱ ነው እንዴ የምታፈሉት?» ይላቸው ነበር። ወረቀቱንም ያወጣው እነሱ ቢጨቀጭቁት ነው።

ሙቲሶ ከሞተ አራት ወሩ ነው። ሞምባሳ መንገድ ላይ፣ ጠዋት፣ ከጭነት መኪና ጋር። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያወራኝ ሁሉ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ሬዲዮ ነው። ድምፁ አለ፣ ነገሩ ግን ለእኔ አይደለም። ቀብሩ እናቱ ቤት ካቪንጎ ሲሆን አክስቶቹ ከበው አዩኝ፤ አላለቀስኩም። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች አንዷ፣ እንድሰማት ብላ። ሰማኋት። ልክ ነሽ ብዬም አሰብኩ። አንጀቴ የት እንደገባ ግን እኔም አላውቅም ነበር። ከናይሮቢ ካቪንጎ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከቀብሩ በኋላ አልተመለስኩበትም።

የቢሯችን ኃላፊ ኦሉኦች ሥራውን የሰጠኝ በወሩ መጀመሪያ ነው። ሰውዬው ድሮ ይጮኽብን ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ከእኔ ጋር ሲያወራ በሽተኛ የተኛበት ክፍል የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይኼ ያናድደኛል፤ ማለት ድሮ ቢሆን ያናድደኝ ነበር።

«ኬሩቦ፣ ስድስት ኮምፓይለር መጠበቅ የሚችል ሰው አሁን የለንም» አለ። «ሁሉንም ወደ አንዱ፣ ወደ አዲሱ አምጪልን። ከዚያ የሙቲሶን ኮምፒውተር ባዶ አድርገን ለአንድ ትምህርት ቤት እንሰጠዋለን። ከከበደሽ ግን ለባራሳ...»

«አልከበደኝም።»

«ደንቡን ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ደንቡ የሙቲሶ ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን በአሮጌው ኮምፓይለር ታወጣዋለህ። የወጣውን መንደሩ ውስጥ ካለው ቅጂ ጋር ታስተያያለህ። ሁለቱ ፊደል በፊደል አንድ ከሆኑ ትክክለኛውን ጽሑፍና ትክክለኛውን ኮምፓይለር ይዘሃል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ነው አዲሱን የምትነካው፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደተለየም አንድ በአንድ ታያለህ። ስትጨርስ ወረቀቱ ላይ፣ «ከአሮጌው ጋር ታይቷል» በሚለው ዓምድ፣ ምልክት ታደርጋለህ።

አሥሩን እንደ ደንቡ ሠራሁ። የአሥሩ አሮጌ ኮምፓይለር በእኔም ኮምፒውተር ላይ አለ። የካቪንጎው ግን ያለው በሙቲሶ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለዚያ ማሽን ነበር፤ ሠሪዎቹም ከድረ ገጻቸው ካነሱት ቆይተዋል። ማሽኑ ከጠረጴዛው ሥር አለ። ከእኔ ወንበር ሦስት እርምጃ ነው። ሹራቡ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ አንዱ እጅጌ ወደ ውስጥ ተገልብጧል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ነገ እከፍተዋለሁ አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ምንም ሳይሰማኝ፣ የካቪንጎን ፕሮግራም በቀጥታ በአዲሱ ኮምፓይለር አወጣሁት። መሞከሪያ ጠረጴዛችን ላይ ጫንኩት፤ ሠራ። ሐሙስ ዕለት በስልክ መስመር ወደ ካቪንጎ ላክሁት። ወረቀቱ ላይም ምልክቱን አደረግሁ። ይኼን የምናገረው ልመሰገንበት አይደለም።

አማቴ ሲዮምቧ የምትደውልልኝ እሁድ እሁድ ነው። ማክሰኞ ስትደውል ስልኩን ለጥቂት ጊዜ አይቼ አነሳሁት።

«ልጄ፣ በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማማ።» አልበላሁም።

«ውሃው ቆመ።»

«የቱ ውሃ?»

«የቱ ውሃ ትለኛለች! የልጄ ውሃ ነዋ። ይነሳና እህህ ይላል፣ ተመልሶ ይተኛል። አምስት ጊዜ እህህ ብሎ ቀይ መብራት ያበራና ዝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐሙስ።»

«እሁድ ሲደውሉልኝ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያንቺ ሸክም አይበቃሽም ብዬ?»

«አሁን ማን ነው የሚቀዳልዎት?»

«እጅ አለኝ፣ እግር አለኝ። ሴቱ ሁሉ ወንዙ አሸዋ ውስጥ መቆፈር ጀምሯል። እኔ ምን የተለየሁ ነኝ?»

«ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴማ አብሮኝ ነው የሚሄደው፤ ቤት ይቀራል እንዴ?» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ኪሜው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ በስብሰባ ላይ፣ እኔ ቁጭ ብዬ! ‹ሙቲሶ ሲሄድ ውሃውን ይዞ ሄደ። መጀመሪያም የጥድፊያ ሥራ ነበር› አለ። ቅዳሜ ሳጥኑን ነቅለው ሌላ ድርጅት ሊያስገቡ ነው። ታንከሩ ላይ ስሙን የጻፉት እነሱ ናቸው፣ ከቀብሩ በኋላ። አሁን ቀለም ይቀቡበታል አሉ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ኬሩቦ፣ ልጄ ጥዱፍ ነበር?»

«አልነበረም እማማ።»

«እኔም ብያለሁ» አለችና ዘጋችው።

ባራሳ ከእኔ ጋር ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ቢሮ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የማያወራኝ እሱ ብቻ ነው። የካቪንጎን ፕሮግራም አብረን ከፈትን። በአንድ እጁ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ዳቦ ይዟል፣ በሌላው ጽሑፉን ወደ ታች ይነዳል።

«እትዬ ኬሩቦ፣ ይኼን እዪማ። ከዜሮ ተነስቶ ይቆጥራል፣ ይቆጥራል፣ ሲጨርስ ምንም አያደርግም። ባልሽ ደሞዙ በመስመር ብዛት ነበር እንዴ የሚከፈለው?»

«እየጠበቀ ነው።»

«ምን?»

«ቫልቩን፣ የውሃውን መዝጊያ። ካቪንጎ የመጀመሪያ ሥራው ነው፣ ገና ከኮሌጅ እንደወጣ። የዚያን ጊዜ የማሽኑን ሰዓት መጠቀም አያውቅበትም ነበር። ቫልቩ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ማሽኑን ባዶ ያስቆጥረዋል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ሦስት ሰከንድ ሆኗል። ያኔ ሞተሩን ያስነሳል።»

ባራሳ ማኘኩን አቆመ። ገብቶታል። አዲሱ ኮምፓይለር ማንም የማይጠቀምበትን ቆጠራ ሲያይ ፋይዳ ቢስ ብሎ ይጥለዋል። ጥፋት አላደረገም፤ ሥራው ነው። ካቪንጎ ላይ ሞተሩ ከተዘጋ ቫልቭ ጋር እየታገለ ነው። እህህ የሚለው ለዚያ ነው። ሳጥኑም አምስቴ ሞክሮ፣ ሞተሩ እንዳይቃጠል ራሱን ቆልፏል፤ እዚያው ሄዶ በእጅ ካልተፈታ በስልክ መስመር የሚላከውን አይቀበልም።

«እዚህ ግን ሠርቷል» አለ ባራሳ።

«እዚህ ቫልቭ የለንም። በቫልቩ ፈንታ ያቺ ትንሽ አምፖል ናት ያለችው።»

አምፖሏን አየን። አምፖል ሳይጠብቋትም ትበራለች።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል? አንድ መስመር ጨምረሽ ይኼን ቆጠራ እንዳትነካብኝ ማለት ነው። አሥር ደቂቃ!»

«ሌላ ቦታስ ስንት ጊዜ ጠብቋል?»

ወደ ታች ነዳው። «እዚህ አለ። እዚህም። ኧረ ይኼ ሰው ትዕግሥቱ!» አሥራ አራት ቆጠረ፤ ሁለቱን ለምን እንደሆነ እኔም አላወቅኋቸውም። «ሁሉን አንድ ላይ አስተካክለሽ...»

«አንዷን ብስት ቅዳሜ ኪሜው ፊት እንደገና እህህ ሊል ነው። አይሆንም። ስድስት ዓመት ውሃ ያወጣውን ነው ይዤ የምሄደው። የሱን፣ በሱ ኮምፓይለር።»

ባራሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ፤ ከዚያ እኔን። «ግን ‹ከአሮጌው ጋር ታይቷል› ይላል። ምልክት አለበት።»

«አላየሁትም።»

«አትቀልጂ።»

«ማሽኑን መክፈት አልቻልኩም፣ ባራሳ።»

ማንዳዚውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩን ጠዋት ወስደውታል። ወረቀቱ ተሞልቷል ተብሎ።»

ዞር ብዬ አየሁ። ከጠረጴዛው ሥር የአቧራ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጬ አላየሁትም። ሹራቡን እንኳ አጣጥፈው መሳቢያው ላይ አድርገውታል።

ኦሉኦች ክፍል ስገባ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም።

«የሙቲሶ ኮምፒውተር ውስጡ ተሰርዟል?»

«ነገ ከሰዓት በፊት ነው የሚሰርዙት። መጋዘን ነው ያለው። ምነው? የሚተርፍ ፎቶ አለ?»

«የካቪንጎን አላስተያየሁም። ምልክቱ ውሸት ነው። ፓምፑ ከሐሙስ ጀምሮ ቆሟል፤ ቅዳሜ ሳጥኑን ሊነቅሉት ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳው። አሁን ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮኽ ደስ ባለኝ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ በመጨረሻ። «ማጣደፍ አልነበረብኝም። የኔ ጥፋት ነው።»

«አላጣደፉኝም። ቆሜ ነው ያበላሸሁት።»

ከዚያ ከቀብሩ ወዲህ ያልሰማሁትን ድምፅ አወጣ። «ሴትዮ! ካቪንጎ መቶ ሃምሳ ቤት ነው! በዚያ ምልክት አምኜ ነው የፈረምኩት!» ጠረጴዛውን መታ። የመጋዘኑን ቁልፍ ወረወረልኝና፣ «ውሰጂው፣ ቅዳሜ እዚያ ሁኚ፣ ሰኞ እንነጋገራለን» አለ። ስወጣ ትንሽ ቀለለኝ። ጩኸቱ ለእኔ ነበር።

ማሽኑን ባራሳ ተሸክሞ መለሰው። የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ሙቲሶ ለሁሉም ነገር የእናቱን ፍየል ስም ነው የሚጠቀመው። ሲነሳ ብዙ ቆየ። ከዚያ የዚያን ጠዋት እንደተወው መጣ። አንድ ትንሽ ማስታወሻ ተከፍቶ ነበር። ደብዳቤ አልነበረም። «ሽንኩርት። የጥርስ ሳሙና። ለኬሩቦ የስልክ ቻርጀር (የሷን ሰብሬዋለሁ፣ ገና አታውቅም)» ይላል። ያ ቻርጀር ለምን እንደማይሠራ አራት ወር ሙሉ ሳስብ ነበር።

ባራሳ አንብቦ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የካቪንጎን ጽሑፍ ከፈትኩ። አሮጌው ኮምፓይለር አዝጋሚ ነው፤ አድናቂ የሌለው አሮጌ ሠራተኛ እንደሚሠራው ዝም ብሎ ይሠራል። ሲጨርስ የወጣውን፣ ከስድስት ዓመት በፊት ካቪንጎ ላይ ጭኖ እዚያው ማሽኑ ላይ ካስቀረው ቅጂ ጎን አድርጌ አስተያይ አልኩት። ማሽኑ ልዩነት ሲያገኝ ይዘረዝራል፤ ካላገኘ ምንም አይልም። ምንም አላለም። እንደገና ጠየቅሁት፤ እንደገና ምንም። ፊደል በፊደል አንድ ነው። ሰውዬው ሞቷል፣ ሥራው ግን ዛሬም ልክ እሱ እንዳወጣው ይወጣል። እዚያው ተቀምጬ ያንን ባዶ ስክሪን ሳይ ቆየሁ።

ቅዳሜ ከመጀመሪያው አውቶቡስ ወርጄ፣ ከኪቱይ ከተማ በሞተር ሳይክል ካቪንጎ ስደርስ ሰው ታንከሩ ሥር ተሰብስቧል። ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠዋል። አህዮቹ ጥላ ይዘዋል። የሙቲሶ ስም ታንከሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ ከሥሩ የነጭ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ። ሲዮምቧ ከሴቶቹ ፈንጠር ብላ በትሯን ይዛ ቆማለች። ከስታለች። ሳምኳት፤ እጇ ከአሸዋው ቁፋሮ ተላልጧል።

ኪሜው ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አለኝ። «የባልሽን ዕቃ ልትወስጂ መጣሽ?»

«አንድ ጊዜ ልሞክረው።»

«ሞክሪ። ከሞከርሽ በኋላ ግን እንነቅላለን።»

ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ቀዩን መብራት አጠፋሁ፣ የሙቲሶን ፕሮግራም መለስኩ። ቁልፉን ተጫንኩት። ቫልቩ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ሞተሩ አልተነሳም።

«ይኸው!» አለ ኪሜው።

አንድ። አንዲት ሴት ጀሪካኗን አንስታ ቆመች። ሁለት። ሲዮምቧ እኔን እንጂ ሳጥኑን አላየችም። ሦስት።

ሞተሩ ተነሳ፤ እህህ ሳይል። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ የዛገ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሕ። እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ተጋፉ፣ አንዷ ጀርባዬን መታች፣ ኪሜው እጄን ይዞ ወዘወዘው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ለሕዝቡ። «ባሏ ያበላሸውን እሷ አቃናችው! ባል ጥሎት የሄደውን ሚስት ታነሳለች!»

ሳቁ። ደስ ብሏቸዋል፤ ክፋት የለበትም። ዝም ብል እዚያው ያልቅ ነበር። አመስግነውኝ፣ ዶሮ አርደውልኝ፣ ሸኝተውኝ። ስሙም ታንከሩ ላይ ይቀር ነበር፣ እንደ ጥዱፍ ሰው ስም። ሲዮምቧን አየኋት፤ አንገቷን ደፍታለች።

«ሙቲሶ ምንም አላበላሸም» አልኩ። ስላልተሰማ ደገምኩት። «አሁን የሚሠራው የሱ ነው፣ ስድስት ዓመት የጠጣችሁት ያው ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሱ እንዲጠብቅ የሠራውን እኔ ሳላይ አስጣልኩት። አይቻለሁ ብዬም ፈረምኩ። ዘጠኝ ቀን አሸዋ ያስቆፈርኳችሁ እኔ ነኝ።»

እልልታው ሞተ። ውሃው ብቻ ይወርዳል። ኪሜው ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ጀርባዬን የመታችኝ ሴት፣ «እንዲህማ አይባልም» አለች፤ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚያ አንድ በአንድ መቅዳት ጀመሩ፣ እኔን ሳያዩ። የነጩን ቀለም ቆርቆሮ ግን ኪሜው ራሱ ይዞት ሄደ።

ሲዮምቧ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ጀሪካኗን ሞልቼ ተከተልኳት። ግቢው ውስጥ፣ መቃብሩ አጠገብ ሣር በቅሏል። አልቆምንም። በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

«ለምን አላየሽውም?» አለች።

«የሱ ማሽን ውስጥ ነበር። መክፈት አቃተኝ። እንደነበረ ይቆይ ብዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ገባች። አንድ ሸሚዝና ሳፋ ይዛ ተመለሰች። ሸሚዙን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው የገና በዓል ለብሶት መጥቶ፣ ፍየሏን ሲያስር ያቆሸሸው ነው። አንገቱ ላይ አሁንም የላቡ መስመር አለ።

«ይኼን አላጠብኩትም» አለች። «አራት ወር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እላለሁ። ከዚያ ውሃው ሲቆም...» ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። «ውሃው ሲቆም ደስ አለኝ፣ ኬሩቦ። ምክንያት አገኘሁ። ሰው ሁሉ ሲቆፍር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጀሪካኑን አዘንብዬ ሳፋውን ሞላሁት። ለምን እንደሞላሁት አላውቅም፤ ሳፋ ስለመጣ ይመስለኛል። ሁለታችንም ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ያኔ እንባዬ መጣ፤ ድምፅ አልነበረውም፣ አገጬ ድረስ ወረደ። ሲዮምቧ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ፣ ከዚያ በዚያው ጫፍ የራሷን ጠረገች።

ፀሐይዋ ከበረንዳው እስክትወርድ እንዲያ ቆየን። ሸሚዙን አልነከርነውም። ሲመሽ ውሃውን ለፍየሏ ሰጠናት።